የዘንድሮ ማይክና የእኔ ጆሮ

የዘንድሮ ዘፋኝ ማይክ የሚመርጠው ጫማ እንደሚመርጥ ነው፤ መልኩን አይቶ፣ ዋጋውን ጠይቆ፣ ጓደኛው ምን እንደያዘ ሰልሎ። "ጋሼ፣ ይሄኛው ወርቃማ ነው እኮ!" ይለኛል አንዱ። ወርቃማ! እኔ ዕድሜዬን ሚክሰር ጀርባ ተቀምጬ ጆሮዬን ለስፒከር የገበርኩ ሰው፣ ወርቃማ ድምፅ እንጂ ወርቃማ ማይክ ሲያዘፍን አላየሁም። በሰፈራችን ባንድ የሚያቋቁም፣ ስቱዲዮ የሚከፍት፣ ልጁን የሚድር ሁሉ ምክር ፍለጋ እኔ ዘንድ ይመጣል። ምክሬን አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማል፣ ያመሰግናል፣ ከዚያ ሄዶ የፈለገውን ይገዛል። ሲጮህበት ደግሞ ተመልሶ እኔው ዘንድ።

የእህቴ ልጅ ስቱዲዮ ከፈተ። ስቱዲዮ የምለው እሱ ስላለው ነው፤ እኔ የማውቀው ከማድ ቤቱ ጎን ያለችው የሰርቪስ ክፍል መሆኗን ነው። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሷ የተቀደደ። ልጁ ግን ከክፍሏ በፊት ያሰበው ማይኩን ነው። የዓለም ትላልቅ ስቱዲዮዎች የሚጠቀሙት ኖይማን ዩ 87 የሚባል ኮንደንሰር መሆኑን ሰምቷል። እውነቱን ነው፤ ዩ 87 ከ1967 ጀምሮ የስንቱን ዘፋኝ ድምፅ የቀዳ የጀርመን ማይክ ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ማይኮቹም የፈረንጅ ናቸውና።) እሱን ለመግዛት ቤት መሸጥ ስለሚያስፈልግ፣ ልጁ መልኩ እሱን የሚመስል ሌላ ኮንደንሰር ገዛ። ስፖንጅ በተነጠፈበት የብረት ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ሲያሳየኝ፣ አዲስ የተወለደ ልጅ ያሳየኝ መስሎት "ይሳሙት" ሊለኝ ምንም አልቀረው።

የመጀመሪያውን ዘፈን ቀድቶ ጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኝ። ሐምሌ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ነው። ቀጥሎ እህቴ ቡና ስትወቅጥ ሙቀጫው ተሰማኝ፤ ከቡናው ቀጥሎ የጎረቤት ውሻ፣ ከውሻው ቀጥሎ ከዋናው መንገድ ተሳፋሪ የሚጠራ ወያላ። ከዚህ ሁሉ መሀል አንድ ልጅ ስለ ፍቅር ይዘፍናል። "እንዴት ነው ጋሼ?" አለኝ። "ወያላው ጥሩ ድምፅ አለው" አልኩት።

ኮንደንሰር ጥፋት የለበትም፤ የተሠራው ሁሉን እንዲሰማ ነው። ድምፅ የሚያንቀጠቅጠው ሽፋኑ እጅግ ስስ ነው፤ ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቀመጥ ትንሿን ንዝረት ሳይቀር ይይዛል። ለዚህም ከሚክሰሩ ፋንተም የሚሉት 48 ቮልት በገመዱ ይላክለታል። (ይህን ቁልፍ ሳይጫን "ማይኩ ሞቷል፣ ቀብረነዋል" ብሎ ደውሎ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝም ይኸው የእህቴ ልጅ ነው።) ዳይናሚክ የሚባለው ግን ሽፋኑ ላይ የሽቦ ጥቅል ተጣብቆ በማግኔት መሀል የሚንቀሳቀስ ነው። ከበድ ስለሚል ለሩቅ ሹክሹክታ ግድ የለውም፤ አጠገቡ ሆኖ የሚናገረውን ይሰማል፣ የቀረውን ችላ ይላል። እኔ በዕድሜዬ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ማይክ ልግዛ የሚል ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማይኩ ምን እንደማይሰማ ነው። የሚሰማውንማ ሻጩም ይነግርሃል።

"ዳይናሚክ ግዛ፣ አፍህን አስጠግተህ ዝፈን፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ስቀል" አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ዳይናሚክ የመድረክ ማይክ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ስቱዲዮ አይገባም ብሎ ተከራከረኝ። "ትሪለር" የሚባለውን የማይክል ጃክሰንን አልበም ሰምተህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። ማን ያልሰማ አለ? በ1982 የወጣውን ያንን አልበም ማይክል የዘፈነው ሹር ኤስኤም 7 በሚባል ዳይናሚክ ማይክ ነው። ልጁ ትንሽ ዝም አለና "እሱማ ማይክል ጃክሰን ስለሆነ ነው" አለኝ። አንተ ልጅ፣ ማይክል ጃክሰን ካልሆንክ ታዲያ ከእሱ የሚበልጥ ማይክ ምን ያደርግልሃል?

ብርድ ልብሱንም አልሰቀለም። የእንቁላል ካርቶን ሰብስቦ ግድግዳውን ሁሉ ለጠፈበት። ዝናቡ የእንቁላል ካርቶን የሚፈራ መስሎታል። ውሻውም እንደዚያው። ከዚያ ሥራ የተረፈው ነገር ቢኖር አይጥ ነው።

ወደ መድረክ ልምጣ፤ እዚያ ነው ደሜ የሚፈላው። መድረክ ላይ የዘፋኝ ማይክ ሲባል ሁሉም የሚያውቀው ሹር ኤስኤም 58 ነው። አናቱ ክብ የሽቦ ወንፊት ያለው፣ ስታወጣው ስትጥለው የማይሰበር። የሺካጎው ኩባንያ ገበያ ያወጣው በ1966 ነው። ወንድሙ ኤስኤም 57 አንድ ዓመት ይቀድመዋል። ከሊንደን ጆንሰን ጀምሮ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ንግግር ሲያደርጉ ፊታቸው የሚቆመው ያ 57 ነው፤ እኛ ዘንድ የጊታር አምፕሊፋየር ፊት ተጎንብሶ ይውላል። ቅር አይለውም፤ ሁለቱም ቦታ ያው ጩኸት ነው።

ኤስኤም 58 ግዙ ስል ሰው መርካቶ ይሄዳል። መርካቶ ደግሞ ፎርጅዱ ከዋናው በላይ ያብረቀርቃል። አንድ ሱቅ ገብቼ ማይኩን በእጄ መዘንኩት፤ ዋናው ከ300 ግራም እምብዛም አያንስም፣ ይሄኛው ግን ላባ ነው። "ይሄ ፎርጅድ ነው" አልኩት። ሻጩ ደረቱን ነፍቶ "አባባ፣ ይሄ ኦርጅናል ኮፒ ነው" አለኝ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ሰላምታ ሰጥቼው ወጣሁ።

እሺ፣ ዋናውን ገዛችሁ እንበል። አሁን ደግሞ ዘፋኙን ማስያዝ አለ። ይህ ማይክ ከፊቱ የሚመጣውን አጥርቶ ይሰማል፣ ከጎኑ የሚመጣውን በግማሽ፣ ከጀርባው የሚመጣውን ግን አይሰማም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት ሞኒተር በቀጥታ ከማይኩ ጀርባ የሚቀመጠው። ጠበብ ባለ አቅጣጫ የሚሰማው፣ ሹር ቤታ 58ን የመሰለው፣ ጎንና ጎኑ ይበልጥ ዝግ ነው፤ ሆኖም ጀርባው ላይ ትንሽ ጆሮ አለችው። ስለዚህ ለእሱ ሞኒተሩ ከኋላ ወደ ጎን ፈንጠር ይላል። የኛ ሰው ቤታውን ገዝቶ ሞኒተሩን ድሮ በነበረበት ይተወዋል። ማይኩ የሞኒተሩን ድምፅ ይሰማል፣ መልሶ ለሞኒተሩ ይሰጠዋል፣ ሞኒተሩ ለማይኩ... ሲያፏጭ አዳራሹ ሁሉ ጆሮውን ይይዛል። ከዚያ ሁሉም ዞሮ የሚያየው ማንን ነው? ሳውንድ ማኑን። በኢትዮጵያ ምድር ዘፈን ሲያምር የዘፋኙ ነው፤ ሲበላሽ የሳውንድ ማኑ።

ደግሞ አንቆ የሚይዘው አለ። ራፕ የሚሉት ነገር ከመጣ ወዲህ ልጆቹ የማይኩን ወንፊት በመዳፋቸው ጭምቅ አድርገው ይይዛሉ። ከወንፊቱ በታች፣ ከሽፋኑ ጀርባ ቀዳዳዎች አሉ፤ ማይኩ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚያጠፋው በእነሱ በኩል በሚገባው አየር ነው። እነሱን ስትደፍን ማይኩ ዙሪያውን ሁሉ መስማት ይጀምራል፣ ድምፅህም ከጆንያ ውስጥ ይወጣል። "እጅህን ዝቅ!" ብዬ ብጮህ ማን ሰምቶኝ።

የዚህ ተቃራኒ ማይኩን እምብርቱ ላይ ይዞ የሚዘፍነው ነው። ከአፉ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ይህ የኔ ሕግ አይደለም፣ የተፈጥሮ ነው። እሱ ግን ጣቱን ወደ ሰማይ እያመለከተ "ጨምርልኝ" ይለኛል። እኔ ደግሞ በጣቴ ወደ አፉ አመለክታለሁ። እሱ ወደ ሰማይ፣ እኔ ወደ አፍ። ከሩቅ ያየን ሰው መዝሙር የምናጠና ይመስለዋል። በመጨረሻ "ኢኮ ጨምር" ይላል። ኢኮ! የዘንድሮ ልጅ ኢኮ ካልተጨመረለት ያልዘፈነ ይመስለዋል። ግጥሙ የት እንደገባ ሳይታወቅ ከዋሻ ውስጥ "ዬ... ዬ... ዬ..." ብቻ።

ቢያንስ የፈረንጁ መሣሪያ መጽሐፍ አለው፤ ያላነበበ ጠይቆ ይደርስበታል። የኛን መሣሪያ ማን ጠየቀ?

ማሲንቆን ውሰዱ። አንድ ጭራ፣ አንድ ደጋን፣ ቆዳ የተለበጠ ሣጥን። ማይኩን ደጋኑ ከጭራው ጋር የሚፋተግበት ቦታ ፊት ለፊት ከደቀናችሁት የምትሰሙት ፍትግትጉን ብቻ ነው፤ በር ሲንቋረር ያመሻል። ድምፁ ያለው ቆዳው ላይ ነው። አንድ ስንዝር ያህል አርቆ፣ ከደጋኑ ወረድ አድርጎ፣ ወደ ቆዳው የታችኛው ክፍል ማየት። እንዲህ ሲሆን የማሲንቆው ሆድ ይሰማል፣ ፍትግትጉም ለቅመም ያህል ይመጣል። ግን አዝማሪው የት ቆሞልህ? ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ፣ ሸላሚው ፊት እየተንበረከከ፣ የአንዱን ከርስ የሌላውን መላጣ እያነሳ ነው የሚጫወት። ስታንድ ላይ የተተከለ ማይክ ለእሱ የሐውልት ያህል ነው። መሣሪያው ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ ማይክ አስራችሁ መልቀቅ ነው እንጂ።

ለአዝማሪው አፍ ደግሞ ቃል የሚያወጣ ማይክ ያስፈልገዋል። ኤስኤም 58 በ5 ኪሎኸርትዝ አካባቢ ከፍ የሚያደርገው ነገር አለ፤ "ሰ" እና "ተ" እና "ቀ" ከጫጫታው በላይ ብቅ የሚሉት በዚያ ነው። አፉን አስጠግቶ ሲዘፍን ግን ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል፤ የኤፍኤም ሬዲዮ ጋዜጠኞች ሁሉ ድምፃቸው ከደረታቸው በታች የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሳውንድ ማኑ ያንን እብጠት ካልቀነሰው ቅኔው ጭቃ ይሆናል። ሰሙም አይሰማ፣ ወርቁም አይሰማ፣ የተሰደበው እንግዳ እንደተመሰገነ ቆጥሮ ብር ይለጥፋል። አዝማሪው በዚህ ቅር ሲለው አላየሁም፤ እኔ ግን ይቆጨኛል።

ክራር ላይ አሁን ፒክአፕ ይለጥፉበታል። ባንድ መሀል፣ ድራም በሚቀጠቀጥበት መድረክ፣ እሺ ይሁን፤ የክራርን ድምፅ በማይክ ብቻ ከድራም ማዳን ከባድ ነው። ስቱዲዮ ገብቶም ፒክአፑን የሚሰካውን ግን አልምረውም፤ የወጣው ድምፅ የላስቲክ ገመድ ነው። ማይክ አቅርቡለት፣ ጣቱ አውታሩን ሲነካ ይሰማ። ዋሽንት ሲሆን ደግሞ ማይኩን ከአፉ ፊት አታስቁሙት፤ ትንፋሹ ፉፉ እያለ ዜማውን ይበላዋል። ወደ ጎን፣ ወደ ቀዳዳዎቹ፣ በትንሹ ከፍ። ሳክስፎንም እንዲሁ ነው፤ ማይኩን የሳክስፎኑ አፍ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፣ የመሣሪያው ድምፅ ግማሹ በቀዳዳዎቹ እንደሚወጣ ማን ይንገራቸው? ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን የሸለለበት አገር ላይ ሳክስፎንን አንድ ጉሮሮ ብቻ ማድረግ ነውር ነው።

በገና ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። አሥር አውታር፣ ከእያንዳንዱ ሥር የምትገባ ቁራጭ ቆዳ፤ ያቺ ቆዳ ናት እዝዝ የምታሰኘው። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ግን ለስለስ ያለ ነው፤ የሚደረደረውም ለራስና ለፈጣሪ እንጂ ለአዳራሽ አይደለም። እዚህ ላይ ያ ስሙን ሳጠፋው የነበረው ኮንደንሰር ይምጣ። እዝታውን ከነለዛው የሚይዘው እሱ ነው። ክፍሉ ግን ዝም ይበል፤ ፍሪጁን ንቀሉ፣ ስልኩን አጥፉ፣ ልጆቹን ሱቅ ላኩ። የእህቴ ልጅ ይህን ሰምቶ "አየህ ጋሼ፣ ኮንደንሰር ጥሩ ነው አላልኩም?" አለኝ። ስንት ጊዜ በገና ቀድተሃል ብለው ምንም አልመለሰም።

ከበሮን በተመለከተ፣ ሁለት ፊት አለው፤ ትልቁ ያጉረመርማል፣ ትንሹ ይጣራል። መድረክ ላይ ለትልቁ ፊት ኤኬጂ ዲ112ን የመሰለ ለቤዝ ድራም የተሠራ ማይክ፣ ለትንሹ 57 ይበቃል። ሰርግ ቤት ሴቶቹ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲወርዱበት ግን እባካችሁ ማይክ ይዛችሁ አትከተሏቸው። ያ ከበሮ ኤሌክትሪክ አገራችን ሳይገባ ሦስት ሰፈር ይሰማ ነበር።

ድሮ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 የሙዚቃ ማተሚያውን ባቋቋመ ዘመን፣ ባንዱና ዘፋኙ አንድ ላይ ቆመው፣ በጣት በሚቆጠሩ ማይኮች፣ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ይቀዱ ነበር። ጥሩምባው ከበዛ ጥሩምባ ነፊው ወደ ኋላ ይራመዳል፤ ሚክሰሩ እግሩ ነበር። ዛሬ ጊታሪስቱ ቦሌ፣ ድራሙ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ዘፋኙ ደግሞ ዱባይ ሆኖ ድምፁን በስልኩ ቀድቶ በቴሌግራም ይልካል። እውነት ልናገርና ይብቃኝ፤ የስልኩ ማይክ ከዚያ "ኦርጅናል ኮፒ" ይሻላል። ይህን ስጽፍ እጄ ተንቀጥቅጧል።

መድረክ ላይ ግን የማይክ ብዛት እንደ ሀብት ይቆጠራል። ክፍት ማይክ እጥፍ በሆነ ቁጥር ሳያፏጭ ልትጨምረው የምትችለው ድምፅ በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ስምንት፤ ዘጠኝ ዴሲቤል ሄደ ማለት ነው። የማይዘፈንበትን ማይክ ዝጋ ስለው "ይቆይ ጋሼ፣ ድንገት ቢፈልጉት" ይለኛል አዲሱ ረዳት። ድንገት የፈለገው የለም፤ ድንገት የጮኸ ግን ሞልቷል።

ዋየርለስ በሚሉት ገመድ አልባ ማይክ ላይ ደግሞ ቂም አለኝ። አንድ ሰርግ ላይ፣ አዳራሹ መንታ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ የሌላ ሰው ሰርግ ነበር። የሁለታችንም ዋየርለስ አንድ ሞገድ ላይ ኖሯል። የኛ ሽማግሌ ሊመርቁ ማይኩን ይዘው ተነሥተው ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ከኛ ስፒከር የማናውቃቸው ሽማግሌ የማናውቃቸውን ሙሽሮች መመረቅ ጀመሩ። "ውለዱ፣ ክበዱ!" አሉ። እንግዳው ሁሉ "አሜን!" አለ። የኛ ሽማግሌ አፋቸውን ከፍተው ቆመው ቀሩ፤ ምርቃቱ ደግሞ ረጅም ነበር፣ እስከ መጨረሻው አሜን አሜን ተባለ። የእኛዎቹ ሙሽሮች በዚያ ምርቃት ወለዱ፤ የወዲያኞቹ እንዴት እንደሆኑ አላውቅም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ለምርቃት የሚሆን ማይክ በገመድ ነው የማዘጋጀው። ገመድ ባትሪ አይጨርስም፣ የሰው ሰርግም አያስገባም።

ልጅ የምትድሩ፣ ባንድ የምትዋዋሉ፣ መድረክ የምትመሩ ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማይኩን ስትቀበሉ በጣታችሁ ጠብ ጠብ አታድርጉት፣ "ፉ፣ ፉ" ብላችሁም አትንፉበት። ሪበን በሚባለው ማይክ ውስጥ ድምፁን የሚይዘው ከፀጉር የሳሳ የአሉሚኒየም ቅጠል ነው፤ አንድ "ፉ" ሊበጥሰው ይችላል። ሌላውም ቢሆን ለመቀጥቀጥ አልተሠራም። መሥራቱን ለማወቅ ከፈለጋችሁ እንደ ሰው "እንደምን አመሻችሁ" በሉበት። ለሳውንድ ማኑ ደግሞ ምግቡን ቁርጡ ሳያልቅ ላኩለት፤ ሚክሰሩን ትቶ ሰልፍ ሊይዝ አይችልም።